የሃምሳው ረቡዕ ምስር

ሃዋ ስትመጣ ከእሷ ቀድሞ ጠረኗ ይደርሳል። ሽቶ እንዳይመስላችሁ፤ የታጠነ ወተት ጠረን ነው። የግመል ወተት የሚይዙበትን ዕቃ በእንጨት ጭስ ሲያጥኑት የሚወጣው ያ ሽታ በሻርፗም በእጇም ገብቶ ቀርቷል። ሻይ መሸጡን ለልጇ ከተወችው ስንት ጊዜዋ፤ ጠረኑ ግን እምቢ ብሏታል። ዛሬም በረንዳዬ ላይ ሽንኩርት እየላጥኩ ሳለሁ ሸተተኝና ቀና ሳልል፣ "ግቢ ሃዋ፣ በሩ ክፍት ነው" አልኳት። ገባች። በእጇ ያቺን ሰማያዊ ምሳ ዕቃ ይዛለች፤ ድርብርቧን፣ እጀታዋ ተሰብሮ በሽቦ የታሰረችውን። ቀኑ ረቡዕ ነው፤ ፋሲካ ካለፈ ገና ብዙም አልቆየ፤ ባለቤቴ ዘውዴ ካረፈ ደግሞ ዓመት ሊሞላው ነው። ይህቺ ምሳ ዕቃ በኛ ቤት ትልቅ ታሪክ አላት። ሃዋ ለበዓሉ ከድሬዳዋ ከመጣው የልጅ ልጄ ጋር ሰላምታ እስክትጨርስ ታሪኩን ላውጋችሁ። የሶማሌ ሰላምታ እንደሆነ ቶሎ አያልቅም።

ዘውዴ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። ጅጅጋ ፍርድ ቤት አጥር ሥር፣ በቆርቆሮ ጥላ ውስጥ፣ የጽሕፈት መኪናውን ታቅፎ ይውላል። የኔም የሱም አባቶች ወታደር ሆነው መጥተው፣ እዚሁ ወልደው፣ እዚሁ የተቀበሩ ናቸው፤ እኛ ከጅጅጋ ሌላ አገር አናውቅም። ነፋሱ አቧራውን አፋችን ውስጥ እየሞጀረ ነው ያሳደገን። ዘውዴ በዚያ ሁሉ ፀሐይ ቡናማ ኮቱን አያወልቅም። እሑድ እሑድ በኮቱ ላይ ነጠላ ያጣፋል፤ ሙቀት የሚባል ነገር እሱ ዘንድ የለም። ከደገሀቡር ከብት ጭነው የሚመጡ ነጋዴዎች እንኳ ከብታቸው ሲያዝባቸው "ኮት የሚለብሰው ሰውዬ የት አለ?" እያሉ ይፈልጉት ነበር። ብዕሩ ኃይለኛ ነዋ። ሕይወቱ ማመልከቻና ሃይማኖት ነበር። ሁለቱን ለየብቻ ይዞ ቢኖር ኖሮ የኔ ፀጉር ያለጊዜው ባልሸበተ። አንድ ላይ ሲቀላቅላቸው ነው ጉድ የፈላው።

የጀመረው መንግሥት በተለወጠ ማግስት ነው። ያን ጊዜ የጅጅጋ ክርስቲያን ግማሹ አልጋውን ፈታትቶ አይሱዙ ላይ ጭኗል፤ ወደ ሐረር፣ ወደ ናዝሬት፣ ወደ አዲስ አበባ። የቢሮው ቋንቋ ወደ ሶማልኛ ሲዞር፣ አማርኛ ብቻ የሚያውቀው ጸሐፊ ሁሉ ግራ ገባው። ገበያው ግን ደርቷል። ከድንበር የሚገባው ዕቃ፣ ብርድ ልብሱ፣ ባለ ሁለት ካሴት ቴፑ፣ አበባ የተሳለበት የቻይና ፔርሙዝ፣ በየመንገዱ ዳር ሸራ ላይ ተዘርግቶ ይጠብቃችኋል። ሴቶቹ ስስ የድሪያ ቀሚሳቸውን ለብሰው ሲያልፉ ያ አቧራ መንገድ ያምርበታል። አንድ ብርጭቆ ሻይ በሃምሳ ሳንቲም፣ ሁለት ሳምቡሳ የጨመረ በብር ጠግቦ ይነሣል። አውቶቡስ ተራው አጠገብ ጎን ለጎን ሁለት ካሴት ቤቶች ነበሩ፤ በአንዱ የሶማልኛ የኡድ ዘፈን፣ በሌላው የኛ ትዝታ፤ ሁለቱም እስከ መጨረሻ ከፍተውት እኔ መሃል ላይ ቆሜ ታክሲ እጠብቃለሁ። አሁን ሁለቱም ሞባይል መጠገኛ ሆነዋል፤ እንደዚያ የሚያደነቁር ነገር ይናፍቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ብቻ ዘመድ ወዳጁ "ምን ትጠብቃላችሁ፣ እንሂድ እንጂ" ሲለን ዘውዴ፣ "አባቴን ማን ላይ ጥዬው ነው የምሄደው?" አለ። እኔም እፎይ አልኩ፤ መሄዱን አልፈለግሁትም ነበር። አጅሬ ግን ቀጠለና፣ "መቅረቱንስ እንቀራለን፤ የምንቀረው ግን ክርስቲያን ሆነን ነው" አለ። ያቺ ንግግር ብዙ መዘዝ አመጣች።

የመጀመሪያ ትግሉ ከመንግሥት ጋር አልነበረም፤ ከግመል ወተት ጋር ነው። ለኛ ግመል የተከለከለ ነው፤ ሥጋውም ወተቱም። ለጅጅጋ ደግሞ የግመል ወተት ያልገባበት ሻይ፣ ሻይ አይባልም። የኛ ወጣቶች ከቅዳሴ ወጥተው፣ ነጠላቸውን እንኳ ሳያጥፉ፣ ከመንገዱ ማዶ ጥግ ላይ ያለችው የሃዋ ሸራ ቤት ይሰለፋሉ። ሃዋ ያን ጊዜ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን በሻይ የምታሳድግ ወጣት ናት፤ ምላሷ ለማንም አይመለስም። ዘውዴ አንድ እሑድ ሄዶ ደጃፏ ላይ ቆመ። እኔ ከኋላው ነበርኩ፤ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ሃዋ፣ ይሄ ልጅ ክርስቲያን ነው። የግመል ወተት አትስጪው።"

"እኔ ምን አውቄ ኦዳይ? ግንባሩ ላይ ተጽፏል?" ኦዳይ ሽማግሌው ማለት ነው፤ ያኔ ገና ጎልማሳ ሳለ ነው እንዲህ ብላ የጠራችው።

"አንገቱ ላይ ማተብ አለ፤ እዪ።"

"ሸሚዙን ቆልፎታል። ልፍታለት?"

"እንግዲያው ጠይቂ።"

"ሃዬ፣ እጠይቃለሁ። አንተ ግን ተቀመጥ። ቆመህ ስትጮህ ደንበኛዬን ሁሉ ታባርራለህ።"

ተቀመጠ። ወተት የሌለው ሻይ ሰጠችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ ሊቆጣጠር፣ እሷ ልትጨቃጨቅ፣ በየቀኑ ከሥራ ሲመለስ እዚያ ቁጭ ማለት ለመደ። በጭቅጭቁ መሃል ረቡዕና ዓርብ ምን እንደሆነ፣ ሁዳዴ መቼ እንደሚገባ፣ ፍልሰታ ስንት ቀን እንደሆነ አስተማራት። እሷም ቀልድ አታውቅም፤ ሁለት ፔርሙዝ ገዛች፤ ቀዩ የግመል፣ አረንጓዴው የላም። ማተብ ያየችበትን ከቀዩ አትቀዳለትም። ረቡዕ ከሆነማ ከአረንጓዴውም የለም። አንድ ቀን አንዱ ጎረምሳ፣ "እትዬ ሃዋ፣ አሁን እኮ ሃምሳ ነው፤ በሃምሳ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም፣ ወተት ይቻላል" ቢላት፣ "ሰበብ አታምጣ፤ ኦዳይ እንደዚያ አላለኝም" ብላ ጥቁር ሻይ ሰጠችው። ልጁ እውነቱን ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት ጾም የለም፤ እንዲያውም መጾም አይፈቀድም። ዘውዴ ግን የሚከለከለውን እንጂ የሚፈቀደውን ለማንም አስተምሮ አያውቅም።

ከዚያማ ማን ይያዘው። በጨለማ ክፍል ለልጅ የማይሆን ፊልም የሚያሳይ ቪዲዮ ቤት ተከፈተ፤ ዘውዴ ማመልከቻ ጻፈ። የሰፈሩ መስጊድ ሼክ ሰምተው፣ "የኔንም ስም ጨምርበት" ብለው አስጠሩት፤ አብረው ፈረሙ፣ ተዘጋ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ተጣብቆ መጠጥ ቤት ሊከፈት ነው ተባለ፤ ማመልከቻ ጻፈ፣ ቀረ። ሰው ሁሉ ወደደው ማለቴ አይደለም። ለሠርጉ ዲጄ ያመጣ ክርስቲያን ከዘውዴ ዓይን ይሸሻል። እኔ ራሴ ፀጉሬን የምተኮሰው መጋረጃ ዘግቼ ነበር። "ወግ አጥባቂ" ብለው ሲያሙት፣ "የሚጠበቅ ወግ ያለው ሰው ነው እንዲህ የሚባለው፤ እግዜር ይስጥልኝ በሏቸው" ይላል። እንዲህ እንዲህ ሲል የጥምቀቱ ሜዳ ነገር መጣ። ታቦቶቻችን በጥምቀት የሚያድሩበት ሜዳ ለሱቅ ሊከፋፈል ነው የሚል ወሬ ተሰማ። ፊርማ አሰባሰበ፣ ቢሮ ለቢሮ ዞረ፤ ዛሬ ነገ ሲሉት ከረሙ። በመጨረሻ ማታ እራት ላይ፣ "ለምክር ቤት በግሌ እወዳደራለሁ" አለኝ። ጉርሻዬን መልሼ መሶቡ ላይ አስቀመጥኩት።

"አንተ ሰውዬ፣ ሶማልኛህ እንኳ ከገበያ አያልፍም። ገብተህ ምን ልትል ነው?"

"የጥምቀቱን ሜዳ አትንኩት እላለሁ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ እቀመጣለሁ።"

ለምርጫ ምልክት መስቀል ፈልጎ ነበር፤ የሃይማኖት ምልክት አይሆንም ተባለ። አስቦ አስቦ ጃንጥላ መረጠ። እኛ ስናየው የታቦቱ ጃንጥላ ነው፤ እነሱ ሲያዩት የፀሐይ ነው፤ ማንም ምንም ሊለው አልቻለም። ኮት ለብሶ ጃንጥላ ይዞ የተነሣው ፎቶ በየግድግዳው ተለጠፈ። እኔ በልቤ ምን እል እንደነበር ልንገራችሁ? ጌታዬ ሆይ፣ ይህን ሰው አታስመርጥብኝ እል ነበር። ስለት ሁሉ ተስያለሁ። ሌላው የዕጩ ሚስት ባሌ ያሸንፍልኝ ብላ ትሳላለች፤ የኔ ግልባጩ ነው።

በዚህ መሃል ድሬዳዋ ያለችው ልጃችን ማርታ የመጀመሪያ ልጇን ልትገላገል ደረሰች። ፋሲካን ፈስከን በማግስቱ ሄድኩ። "እኔ እስክመለስ ሜዳ ላይ ድምፅ ማጉያ ይዘህ እንዳትወጣ" ብዬው ነበር። ወጣ። ደህና አድርጎ ተናገረ አሉ፤ ሼኩም መጥተው አዳመጡት አሉ። በማግስቱ ሁለት ሰዎች ከቆርቆሮው ጥላ ሥር "ለጥያቄ ትፈለጋለህ" ብለው ወሰዱት። ከየትኛው ቢሮ እንደነበሩ እስከ ዛሬ የነገረን የለም። ስልክ የደወለልኝ ከጽዋ ማኅበራችን አንድ ሰው ነው። "ታስሯል፤ እኛም ፈርተን እየሄድን አልጠየቅነውም፤ አንቺ ብትመጪ ጥሩ ነው" አለኝ። ዘጋው። እኔ የማርታን እጅ ይዤ ቆሜያለሁ፤ ልጅቷ ምጧ ከብዶ፣ ወልዳም ደም አልቆም ብሏት፣ ሐኪሙ "እናቷ አጠገቧ ትሁን" ብሏል። ወዴት ልሂድ? በዚያ ላይ ዝናቡ መንገዱን ቆርጦታል ተባለ።

መታሰሩ አይደለም ያስጨነቀኝ፤ ማንም ይታሰር ነበር። የጨነቀኝ ምግቡ ነው። እዚያ ለታሳሪ የሚቀርበው ሩዝ በፍየል ሥጋ ነው፤ ዘውዴ ደግሞ በእስላም የታረደ አይበላም። ቢሞት አይበላም። ሥጋ የነካው ድስት ውስጥ የተሠራ ሩዝም አይቀምስም። ሲወራ ሰምቼ አይደለም፤ በወጣትነታችን አብረን ወደ አይሻ ስንሄድ ባቡሩ አዲጋላ ላይ ተበላሽቶ አደርን፤ የጣቢያው ሰዎች አዝነውልን ፍየል አርደው መንገደኛውን ሁሉ አበሉ። ዘውዴ አመስግኖ በውሃ ቆየ። በማግስቱ ከሰዓት ራሱን ስቶ ሐዲዱ ላይ ወደቀ። ያኔ ወጣት ነበር። አሁን ግን ጨጓራው የታመመ፣ ምግብ ሲቆይበት ደም የሚያስታውከው ሰው ነው። የማኅበሩ ሰዎች ካልጠየቁት፣ እኔ ከሌለሁ፣ ማን ነው የሚያበላው? ድሬዳዋ ላይ ገንፎ እያገነፋሁ፣ ጨቅላውን እያጠብኩ፣ ለማርታ እየሳቅሁ፣ በውስጤ ግን ሰውዬው በረሃብ ሊሞትብኝ ነው እያልኩ ከረምኩ። ለራሴ አንድ እህል አልወርድ አለኝ፤ እሱ ሳይበላ እኔ ልብላ?

ማርታ ደሟ ቆሞ ቀና ስትል፣ መንገዱም ሲከፈት፣ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ ዶሮ ሠራሁ። አማቻችን በስመ አብ ብሎ ያረደው ዶሮ ነው። ቀኑ ረቡዕ ቢሆንም ሃምሳ ስለሆነ ይበላል ብዬ፣ እንቁላሉን ደርድሬ፣ በድስቱ አሥሬ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። ሐረርን፣ ባቢሌን አለፍን፤ ካራማራን ስንወጣ ያ የጅጅጋ ነፋስ በመስኮት ገባ። ሌላ ጊዜ ሲነካኝ "አገሬ ገባሁ" እላለሁ፤ ያን ቀን ግን ድስቱን ታቅፌ ሾፌሩን ፍጠን እል ነበር። ቤቴ እንኳ ሳልደርስ በቀጥታ ወደ እስር ቤቱ ሄድኩ። በሩ ላይ ጠብመንጃውን ታቅፎ የተቀመጠ ወጣት ዘበኛ አለ።

"ዘውዴ የሚባል ሽማግሌ አለ? ምግብ አምጥቼ ነው" አልኩት። አለ እንዲለኝ ብቻ ነው የምጠብቀው።

"ኮት የሚለብሰው? ምሳው ገብቷል እኮ።"

"ማን አመጣለት?"

"እህቱ ናታ።"

ዘውዴ እህት የለውም። ለእናቱ አንድ ነው። ሌላ ሰው ነው የሚለው፣ የኔው ሞቷል ብዬ እዚያው አፈሩ ላይ ዘፍ አልኩ። ዘበኛው ደንግጦ ውሃ ሰጠኝ፤ "ቆይ፣ ላስጠራልሽ" ብሎ ገባ። ከሽቦው ወዲያ ኮቱ መጣ። ኮቱ ውስጥ ዘውዴ አለ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ፤ ጉንጩ ሞልቷል። ለሁለት ሳምንት ያለቀስኩለት ሰው ወፍሮ ጠበቀኝ። ሳቅሁ፣ አለቀስኩ፣ ሰደብኩት፤ ሁሉንም ባንድ ላይ።

"ማርታስ?" አለ በመጀመሪያ።

"ደህና ናት። ወንድ ወልዳለች።"

"ተመስገን።" ኮፍያውን አወለቀ። "አንቺ ግን ምን ነካሽ፣ ከስተሻል። አትበዪም?"

ይኸውላችሁ። እኔን አትበዪም አለኝ። ድስቱን ከፈት አድርጌ "ዶሮ ይዤልህ መጥቻለሁ" ስለው ግን ፊቱ ተለወጠ፤ ወደ በሩ አየት አደረገና፣ "ክደኚው፣ ክደኚው" አለኝ።

"ምነው? ሃምሳ አይደለም እንዴ?"

"ነው። ዝም በይ። ሃዋ አልሄደችም።"

ዞር ስል ሃዋ ከአጥሩ ጥግ ጥላ ሥር ቁጭ ብላ የተመለሰላትን ባዶ ምሳ ዕቃ ትደራርባለች። ሰማያዊ፣ አዲስ፣ ፀሐይ የሚያንጸባርቅባት። አየችኝና ሮጣ አቀፈችኝ፤ ያ የታጠነ ወተት ጠረን አፈነኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። እንደታሰረ በሰማች ጊዜ የማኅበሩን ሰዎች ጠየቀቻቸው፤ እንደፈሩ አወቀች። "ኦዳይ የኛን ሥጋ አይበላም፤ ይሄ ሞኝ ሰውዬ ይሞታል" አለችና ገበያ ሄዳ አዲስ ድስትና አዲስ ምሳ ዕቃ ገዛች፤ ሥጋ ነክቷል ብሎ እንዳይመልስባት። ዘበኞቹ ሻይዋን የሚጠጡ ልጆች ናቸው። "ምኑ ነሽ?" ሲሏት "እህቱ ነኝ" አለች። ሲስቁባት፣ "ይህን ሁሉ ዓመት በየቀኑ ከእህቱ በቀር ከማንም ጋር ሲጨቃጨቅ የኖረ ሰው አይታችኋል?" ብላ አፋቸውን አስያዘች። እና በየቀኑ እንቁላልና ሩዝ በቅቤ፣ ረቡዕና ዓርብ ሲሆን ደግሞ ምስር በዘይት ታመጣለች።

"ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ምስር ነው የሠራሁት" አለችኝ በኩራት። "ወላሂ አንድም ቀን አልተሳሳትኩም አባዮ፣ እህቴ። ጠይቂው።"

ዘውዴን አየሁት። የሰውን ጾም ሲያርም የኖረ ሰው ነው። ዲያቆን ምንባብ ሲሳሳት ከቤተ ክርስቲያን መሃል ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያርም፤ ቄሱን ሳይቀር "አባ፣ እንዲያ አይደለም" የሚል። በሃምሳ መጾም ሕግ መጣስ እንደሆነ ከሱ በላይ የሚያውቅ በከተማው የለም። ሽቦውን በሁለት እጁ ይዞ፣ "እውነቷን ነው። አንድም ቀን አልተሳሳተችም" አለ። እኔም የዶሮዬን ድስት ነጠላዬ ሥር ከተትኩ። ያንን ዶሮ ቤቴ ወስጄ ብቻዬን ቁጭ ብዬ በላሁት፤ ከስንት ቀን በኋላ የበላሁት የመጀመሪያው ምግብ ነው፣ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገርም የለም። ልቤ ቦታው ገባ። ይፈቱት አይፈቱት ገና አላውቅም፤ ግን ሰውዬው በልቷል።

ፈቱትም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ እንደወሰዱት ምክንያቱን ሳይነግሩት፣ "ሂድ" አሉት። ሼኩና የአገር ሽማግሌዎች ገብተው ተናግረዋል የሚል ነገር ሰምቻለሁ። ምርጫው ሲደርስ ተወዳደረ፤ ወደቀ። እሱ ሁለት ቀን አኮረፈ፤ እኔ ስለቴን አስገባሁ። ሜዳው ግን አልተነካም። ከዳር ትንሽ ለመንገድ ሄደበት እንጂ ታቦቶቹ እስከ ዛሬ እዚያው ያድራሉ፤ በጥምቀት ማለዳ የሃዋ ልጅ ፔርሙዞቹን ይዛ ዳር ላይ ትቀመጣለች፣ ማተብ እያየች። ዘውዴም ጡረታ ወጣ እንበል፤ ከፖለቲካው ማለቴ ነው። የቆርቆሮው ጥላ ሥር የጽሕፈት መኪናው በኮምፒውተር ቤት ተተካ፤ ሻዩ በስንት ብር እንደገባ አትጠይቁኝ። በኋላ ከተማችን ክፉ ቀን ያየችበት አንድ የሐምሌ መጨረሻም ነበር። የዚያን ወሬ ሌላ ያውራው፤ እኛ በሃዋ ጓዳ ተደብቀን አሳለፍነው፤ በሰላም ወጣን።

አንድ ነገር ግን ከዚያ እስር አብሮት ወጣ። ሃዋ ዕድሜ ልኳን ያወቀችው የዘውዴ ረቡዕ የጾም ነው። በሃምሳ ረቡዕ ሥጋ ሲበላ ብታየው ያን ጊዜ የለፋችው ሁሉ በስሕተት እንደነበር ታውቃለች። ስለዚህ በየዓመቱ፣ ክርስቲያን ሁሉ ጠግቦ በሚበላበት በሃምሳ፣ ዘውዴ ረቡዕና ዓርብን መጾም ጀመረ። እሷም ምሳ ዕቃዋን ይዛ ትመጣለች። እኔ "ሕግ አይደለም ስትል አልነበር?" ስለው፣ "ዝም በይ፣ ብዪ" ይለኛል። ኅሊናው ግን አላስቀመጠውም፤ ሄዶ ለንስሐ አባቱ ተናዘዘ። "አባቴ፣ በሃምሳ ጾሜአለሁ።" ቄሱ ግራ ገባቸው። "ምን ላድርግህ? ስግደት እንዳልሰጥህ በሃምሳ ስግደት የለም፤ ጾም እንዳልሰጥህ ኃጢአትህ እሱው ነው" ብለው ስቀው ባርከው ሰደዱት። በዓመቱም ያንኑ ይዞ ሄደ። ጾሜአለሁ ብሎ በየዓመቱ ንስሐ የሚገባ ክርስቲያን ከሱ ሌላ አላውቅም። አምና በገዛ አልጋው ላይ፣ ፀጉሩ ሁሉ ነጭ ሆኖ፣ ሳይሠቃይ አረፈ፤ የተቀበረው አባቱ አጠገብ ነው። እንዲህ ያለ ሞት ለሱ እንደሚደርሰው በዚያ በድሬዳዋ ሰሞን ማን በነገረኝ። ሃዋ ከመቃብሩ አጥር ውጭ ቆማ እስከ መጨረሻው አልሄደችም።

ይኸው ሰላምታው አለቀ። ሃዋ ገብታ ምሳ ዕቃዋን ጠረጴዛው ላይ ደረደረች፤ ምስሩ፣ ሩዙ፣ ቃሪያው። ከኋላዬ ምድጃ ላይ የኔ ድስት የበሬ ሥጋ ይንተከተካል። የልጅ ልጄ ሳሙኤል፣ ያኔ ድሬዳዋ የተወለደው፣ ዘንድሮ ድቁና ተቀብሏል፤ መጽሐፍ አዋቂ ነኝ ባይ፣ አያቱን የመሰለ፣ ሰው ሲሳሳት አፉ የሚበላው። ምስሩን አየ፣ ድስቱን አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እማማ ሃዋ፣ አሁን እኮ ሃምሳ—"

እግሩን ረገጥኩት። "ዝም በል፣ ብላ።"

ልጁ አየኝ። ምን እንዳየብኝ እንጃ፣ ቁጭ አለና እጁን ወደ ምስሩ ሰደደ። ተነሥቼ የሥጋውን ድስት ከደንኩ፤ እሳቱንም አጠፋሁት። ሃዋ የኔን ሰሃን አጥግባ ሞላችና፣ "ኦዳይ ቢኖር ደስ ይለው ነበር" አለች። "ረቡዕን ረስቼበት አላውቅም።"

"አንድም ቀን አልረሳሽበትም" አልኳትና መብላት ጀመርኩ።